ጠቢቡን ማን ጅብ አደረገው?

ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። በልጅነቴ ሌሊት ሌሊት ጅብ ከተራራው እየወረደ ሲጮህ እመኝታችን ድረስ ይሰማ ነበር። አያታችን ብርድ ልብሱን እየደረበችልን «አይዟችሁ፣ የተራራው ነው» ትለናለች። አንዳንድ ሌሊት ግን ድምፁን በጥሞና አዳምጣ ዝም ትላለች። ዝም ያለች ዕለት ፍርሃታችን ይብሳል። በእርሷ ዘንድ ጅብ ሁለት ዓይነት ነበርና፤ አንደኛው ጅብ ሆኖ የተወለደ፣ ሁለተኛው ሰው ሆኖ ተወልዶ ሲመሽ ጅብ የሚሆን።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ቀን ቀን በደጃችን ያልፍ ነበር። ከቀጨኔ የሚመጡ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ጀበናና ድስት በጀርባቸው አዝለው በሰፈራችን ይዞራሉ። እናቴ ተከራክራ ትገዛቸዋለች፤ ከመግዛቷ በፊት ግን እኛን ወደ ጓዳ ታስገባናለች። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ አንዲቱን ሴትዮ ከኋላዋ «ጅብ!» ብዬ ጮኽሁባት። ዘወር አላለችም። ያዘለቻቸው ጀበናዎች እንዳይጋጩ በአንድ እጇ ደግፋ፣ እርምጃዋን ሳትለውጥ ሄደች። ዛሬ ስለ ሰውና ስለ ጅብ ለመጻፍ ብዕር ያነሣሁት ያ ጀርባ ከዓይኔ አልጠፋ ስላለኝ ነው።

በውጭው ዓለም የመጻሕፍት መደብሮች ራሱን የቻለ መደርደሪያ ያለው አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ዓይነት አለ። ጀግናው ቀን ሰው ሲሆን ሌሊት ተኩላ፣ ድብ ወይም ነብር ይሆናል። አንድ ክፉ ነገር ደርሶበት ልቡ ቆስሏል፤ ሰው ይሸሻል፤ ከሁሉ አብልጦ ራሱን ይፈራል። በመጨረሻ አንዲት ሴት ሳትፈራው ትቀርበዋለች፤ ቁስሉም በፍቅሯ ይሽራል። አንዳንዴም አውሬዋ እርሷ ሆና ሐኪሙ እርሱ ይሆናል። ነገሩ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። ፈረንሳዊቷ ማዳም ደ ቪልኔቭ የቆንጆዋንና የአውሬውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1740 አሳትማው ነበር። ማዳም ደ ቦሞን ደግሞ በ1756 አሳጥራ አወጣችው፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውም ይኸንኑ ነው።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም እኮ ሰውን አውሬ የሚያደርግ ተረት አለን። ልዩነቱ የእነርሱ ተረት አውሬውን በፍቅር ወደ ሰውነት ሲመልሰው፣ የእኛው ግን ሰውን ፍቅር ለመንሳት አውሬ ሲያደርገው መኖሩ ነው።

ስሙ ሲለወጥ

በግእዝ «ጠቢብ» ማለት አዋቂ፣ ብልህ፣ ባለ ጥበብ ማለት ነው። ንጉሥ ሰሎሞን የተመሰገነው በዚሁ ቃል ነው። ከዚሁ ቃል የወጣው «ጠይብ» ግን የብረት ቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪው መስደቢያ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ሰውየው ቅርጹን ለወጠ ከመባሉ አስቀድሞ ቅርጹን የለወጠው ስሙ ነበር።

እምነቱን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ጠይብ ቡዳ ነው፤ ቡዳ በዓይኑ ሰው ይበላል። ሲመሽ አመድ ላይ ተንከባልሎ ጅብ ይሆናል። የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ በቤቱ በአገልጋይነት ያሠራዋል። ቡዳ በላው የተባለ ሕመምተኛ ጭስ ይታጠናል፤ «ማን በላህ? ከየት ያዝኸው?» እየተባለ ይለፈልፋል። በመጨረሻም አንድ ስም ይጠራል። የሚጠራው ስም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ባለ እጅ ስም ነው።

ይህን ወሬ የውጭ አገር ሰዎችም ገና ድሮ መዝግበውታል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ማስታወሻው እ.ኤ.አ. በ1831 በለንደን ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ባልንጀራው ዊልያም ኮፊን ስለ አንድ አሽከሩ ይተርካል። አሽከሩ ቡዳ ነው የሚባል ወጣት ነበር። አንድ ማምሻ እስከ ነገ ፈቃድ ስጠኝ ብሎ ሄደ። ወዲያው ሌሎቹ አሽከሮች «ጅብ ሆነ! ጅብ ሆነ!» ብለው ጮኹ። ኮፊን ቀና ሲል ሰውየው የለም፤ አንድ ትልቅ ጅብ ግን በሜዳው ላይ ሲሮጥ አየ። በማግሥቱ ወጣቱ ተመልሶ መጣ፤ ሲጠይቁትም አልካደም። ኮፊን ጉትቻ የተንጠለጠለባቸው ጅቦች ተገድለው ማየቱንም ይናገራል። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ የጅቡ ሩጫ ሳይሆን የወጣቱ አለመካድ ነው። ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ጅብ ነህ» ሲባል ካደገ፣ አይደለሁም ማለት የሚጀምረው ከየት ነው?

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አለመሆኑንም ላስታውስ። ሄሮዶቱስ ኒውሪ የሚባሉ ሕዝቦች በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ተኩላ ይሆናሉ መባሉን ጽፎ፣ እኔ ግን አላምንም ብሏል። ከእርሱ ሁለት ሺህ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1589፣ በጀርመን ኮሎኝ አጠገብ ፔተር ሽቱምፕ የሚባል ገበሬ ተኩላ እየሆንህ ሰው በልተሃል ተብሎ በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደለ። ልጁና አብራው የምትኖረው ሴትም ከእርሱ ጋር ተገደሉ። አንዱ አውሬ ከተባለ የወደዱትም አይተርፉም ማለት ነው።

ለመሆኑ በእኛ አገር ዕጣው በባለ እጅ ላይ የወደቀው ስለ ምንድን ነው? ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ እመቤቲቱ ያለ ምጣድ አትጋግርም። ሆኖም ብረት ከድንጋይ እንዴት እንደሚወጣ፣ ጭቃ በእሳት እንዴት እንደሚጠነክር ምስጢሩ በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ነበር። የሚፈለግና የማይታወቅ ነገር ያስፈራል። በዚያ ላይ ባለ እጅ በብዙ ስፍራ ርስት አልነበረውም፤ ስለዚህ ቤቱን የሚሠራው ከመንደሩ ዳር፣ ከገደሉና ከዱሩ አጠገብ ነው። ጅብም የሚመጣው በዚያው በኩል ነው። ሸክላ ስትተኩስ ያመሸች ሴት አመድ ለብሳ ብትታይ፣ ተረቱን ለመጨረስ ብዙ ምናብ አያስፈልግም።

እንጦጦና ባለ እጆቿ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ነበረች። ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ብቻ አይቆምም፤ ግንበኛ፣ አናጢና ቀጥቃጭ ይፈልጋል። ከጎንደር በኩል የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ባለ ሙያዎች እንጦጦ ላይ ሠርተዋል። ሸዋም የራሷ ጠቢባን ነበሯት። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፍ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ፣ በአንኮበር አካባቢ በጥበባቸው የሚፈለጉ፣ በአስማት ግን የሚጠረጠሩ ጠቢባን እንዳሉ ጽፏል። ከተራራው በታች ያለችው ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች፣ የሸማኔዎችና የቀጥቃጮች ሰፈር ሆና ቆየች። ከነዋሪዎቿ መካከል ራሳቸውን «ቤተ አብርሃም» ብለው የሚጠሩ አሉ።

ምኒልክ ነገሩን ሳያዩት አልቀሩም። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከለከሉ። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሌላውም በየሙያው ሌላ ስም እየተሰጠው መሰደቡን ዘርዝረው ወቀሱ። ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አሳሰቡ፤ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል ብለውም በእስራት እንደሚቀጣ ዐወጁ። እንጦጦን ያሠሩት ሰው እጁን ከሠራው ሥራ ለይተው ማየት ተቸግረው ይሆናል።

አዋጁ አፍን ይዘጋ እንደሆነ እንጂ ማዕድ አያዘረጋም። የ1966ቱም አብዮት መጣ፤ እኩልነት ታወጀ፤ መሬትም በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሆነ። እኔ ሴትዮዋን «ጅብ» ብዬ የሰደብሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የሚወደውን ይበላል

የእምነቱ መርዝ የሚገኘው ጋብቻ ላይ ነው። ቡዳ ማንን ይበላል ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፤ ያማረውን፣ የወደደውን። ቆንጆዋን ልጃገረድ፣ አዲሷን ሙሽራ፣ ወፍራሙን ሕፃን። ስለዚህ ባለ እጁ አንዲትን ልጅ ወደድሁ ያለ እንደሆነ መውደዱ ራሱ የወንጀሉ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። ሌላው ሰው «ዓይኔን ጣልሁባት» ሲል ለሽምግልና ይዘጋጅለታል፤ እርሱ ዓይኑን ቢጥል ግን ጭስ ይጨስበታል። አሜሪካዊው ሮናልድ ሬሚኒክ እምነቱን በመንዝ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ፣ ቡዳ ከሚባል ዘር ጋር መጋባት ምን ያህል እንደሚፈራ አሳይቷል። የታሪክ ሰዎች የሚነግሩን ጅብነት እንግዲህ ዘርን ከዘር የሚለይ አጥር ነበር።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአንድ ቀን ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንን ያነጋገረችው ሐጋር ሰሎሞን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችውን መጽሐፍ «የጅብ ሰዎች» የሚል ርእስ ሰጥታዋለች። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ቀን ቀን አብረው ሠርተው፣ በሠርግ በለቅሶ ተጠራርተው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሲመሽ ግን ጅብ ነበሩ። ባሕር ተሻግረው ሲሄዱም ስሙ አብሮ በትዝታቸው ተሳፍሯል።

የአክስቴ ቤት

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አክስቴ በቀበሌያችን ታስተምር ነበር። አብሯት የሚያስተምር አንድ ወጣት ነበር፤ ቀን ጋራዥ ውስጥ በበያጅነት ይሠራል፣ ማታ ፊደል ያስቈጥራል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። ሊጋቡ ነው የተባለ ዕለት አያቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «ጅብ ልታገቢ ነው?» አለቻት። አክስቴም «ሰው ነው የማገባው፣ እምዬ» ብላ ወጣች። በቀበሌ ተፈራርመው ተጋቡ። አያቴ ደጃቸውን አልረገጠችም።

እኔ የመልእክት ልጅ ሆኜ ስመላለስ ጋሼን ዐወቅሁት። አንድ ነገሩ ይገርመኝ ነበር፤ ገበታ ቀርቦ ሰው ፊት ለፊቱ ከተቀመጠ ዓይኑን ከትሪው አያነሣም። ሰው ሲጎርስ አያይም። ልጅ ተወልዶ አክስቴ ስታጠባ ደግሞ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ዓፋርነት ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ ነገሩ ሌላ ነው። ጋሼ ዓይኑን ይፈራው ነበር። እናቱ ገና ልጅ ሳለ «የሰው እህል አትይ፣ የሰው ልጅ አትይ፣ እንዳይሉህ» እያለች አሳድጋዋለች። ልትጠብቀው ብላ ነው። በመጨረሻ ከሰው ልጅ ከልሎ ያቆየው ዓይን ለገዛ ልጁም እንቢ አለው።

አክስቴ ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም። አንድ ቀን ልጁን አጥብታ ጨረሰችና ወስዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችው። እርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «እየው እንጂ» አለችው። «አባቱ ያላየውን ልጅ ማን ይየው?» ዓይኑን ጨፈነ። ልጁን ሳታነሣ ወደ ሥራዋ ሄደች። በማግሥቱም አስቀመጠችው፤ በሣልስቱም። ስንት ቀን እንደፈጀ አልቈጠርሁም። አንድ ቀን ማምሻ ስደርስ ግን ጋሼ ሕፃኑን ከፊቱ አቁሞ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ አገኘኋቸው። አክስቴ ከጓዳ ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ወጥታ አላየቻቸውም።

አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በሰው እጅ የቆሰለ ልብ ብቻውን ሆኖ አይድንም፤ መዳኑ ከሌላ ሰው ጋር ባለው ዝምድና ውስጥ ነው ትላለች። አስቀድሞ ሥጋት የሌለበት ስፍራ፣ ቀጥሎ የደረሰውን ማስታወስና ማልቀስ፣ በመጨረሻም ከሰው ጋር እንደገና መቀላቀል ያስፈልገዋል። አክስቴ ይህን መጽሐፍ አላነበበችም፤ ያን ጊዜም ገና አልተጻፈም ነበር። የመጀመሪያውን እርከን ግን በዚያ ጭን ላይ ሠርታዋለች።

የቀረው የአያቴ ነገር ነው። ልጁ ስምንት ወር ሲሆነው ትኩሳት ያዘው፤ ትንፋሹም ያጥረው ጀመር። አያቴ ሰምታ የእንጦጦ ማርያምን ጸበል በጀሪካን አስቀድታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃቸውን ረገጠች። ሰላምታ ሳትሰጥ ጋሼን «አየኸው?» አለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። «አዎ፣ እማማ» አላት። «አየሁት። ልጄ ነው።»

አክስቴ ከሰዓት በፊት ክሊኒክ ወስዳ መርፌ አስወግታው ነበር፤ ጸበሉንም አልከለከለችም። አያቴ «ዛሬ እዚሁ አድራለሁ» አለች። የማደሯ ምክንያት ለማንም አልጠፋውም። ሰውየው ሌሊት ሲወጣ፣ አመድ ላይ ሲንከባለል ልትይዘው ነው። ነጠላዋን ተከናንባ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ዐይኗንም ሳትከድን አነጋችው። ጋሼ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ሌሊቱ ሲጋመስ ጅቡ ከእንጦጦ ጮኸ። ደግሞም ጮኸ። አያቴ አንዴ ወደ ውጭ አዳመጠች፤ አንዴ ወደ ተኛው ሰው አየች። ጧት ልጁ ትኩሳቱ በርዶለት ሲነቃ፣ ከጋሼ ጋር ከአንድ ትሪ ቆረሰች።

ይህን የነገረችን እርሷው ናት። «ጅቡ ከተራራው ሲጮህ ሰውየው ከፊቴ ተኝቶ ነበር» ትል ነበር። እምነቷ ግን ከሥሩ ተነቀለ ብዬ አንባቢን አላታልልም። «ይሄኛውስ አይደለም» ነበር የምትለው። ጅብ የሚሆን ሰው የለም ብላ ሳትናገር ዐረፈች። ፍቅር አንድን ሰው ከጅብነት ሊያወጣ ይችላል፤ ሰፈሩን ሁሉ ለማውጣት ግን ስንት አክስት፣ ስንትስ የነቁ ሌሊቶች ያስፈልጋሉ? ያ የውጭው ልብ ወለድ ይህን ሒሳብ አያውቀውም። እዚያ አውሬው አንድ ነው፤ ተሳስሞ ይፈታል። እዚህ አውሬ ያደረገው አፍ የብዙ ሰው ነው። ከእነዚያ አፎች አንዱ የእኔ ነበር። ያን ቀን የሰደብኋት ሴት ማን እንደነበረች ጋሼን ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ ነው።

ዛሬ እንጦጦ ሌላ መልክ ይዛለች። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው መናፈሻ የከተማውን ሰው ይጠራል፤ ከባሕር ዛፉ መካከል ብስክሌት ይነዳል፣ ቡና ይጠጣል። ከታች በቀጨኔ ሴቶች ዛሬም ጭቃ ያቦካሉ፤ ያለ መዘውር በእጃቸው እያዞሩ ያበጃሉ፤ በድንጋይ ይወለውላሉ፤ ይተኩሳሉ። በየቤታችን የሚንተከተከው ቡና ከእነርሱ እጅ በወጣ ጀበና ነው። ከእጃቸው ጠጥተን ከዐይናቸው መሸሽ ምን ዓይነት ጥበብ ነው?

አንድ ተረት አለን፤ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የምንተርተው ለመሳለቅ ነው። ነገር ግን የባለ እጅ ልጆች ስንቶቹ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ደብቀው፣ ከማያውቋቸው አገር ሄደው፣ እንደ ሰው ቁርበት እንዲነጠፍላቸው ለምነዋል? ተረቱ ለእነርሱ ቀልድ አልነበረም። እኔ የምመኘው የተራራው ጅብ በተራራው እንዲቀር፣ ለሰውየው ግን ከሚያውቁት አገር፣ ከእናቱ ሰፈር፣ በገዛ ስሙ ቁርበት እንዲነጠፍለት ነው።